ጀማሪዎች በዋይል ሉፕ ላይ የሚሠሯቸውና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለጀማሪዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሳስተምር ዋይል ሉፕ (while፣ አንድ ሁኔታ እውነት እስከሆነ ድረስ ትእዛዞችን የሚደጋግመው) ላይ በደረስን ቁጥር ከአንዱ ተማሪ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መስመር ያለማቋረጥ ሲወርድ አያለሁ። ብዙዎቹ ደንግጠው ኮምፒውተሩን ያጠፉና ያላስቀመጡትን ሥራ ያጣሉ፤ ኮንትሮልን ይዞ ሲን መጫን (Ctrl+C) ይበቃ ነበር። የስህተቶቹ አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ጀማሪው ሁኔታውን ይጽፋል እንጂ ያ ሁኔታ በየትኛው መስመር ላይ ሐሰት እንደሚሆን አይጠይቅም።

ከሁሉ የከፋው ሁኔታው የተመሠረተበትን ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበትን ስም) በአንዱ መንገድ ቀይሮ በሌላው መንገድ ሳይቀይሩ መተው ነው። ጨርሶ ያልቀየረ ተማሪ ስህተቱን ወዲያው ያየዋል፤ በከፊል የቀየረው ግን ፕሮግራሙ ስለሠራለት ተማምኖ ይሄዳል። ገበሬዎች ያስረከቡትን ቡና ከዝርዝር እያነበበ የሚደምር ፕሮግራም እንውሰድ። ተማሪው «ሚዛኑ 0 ከሆነ እለፈው» ብሎ ኮንቲኒው (continue፣ የቀረውን ትቶ ወደ ሉፑ መጀመሪያ የሚመልስ ትእዛዝ) ይጽፋል፤ ተራ ቁጥሩን በ1 የሚጨምረውን መስመር ግን ከኮንቲኒው በታች ያስቀምጠዋል። በዝርዝሩ ውስጥ 0 እስከሌለ ድረስ ድምሩ ትክክል ነው። አንድ ገበሬ ምንም ሳያስረክብ የቀረ ቀን ፕሮግራሙ በዚያው ሰው ስም ላይ ለዘላለም ይሽከረከራል። እባካችሁ፣ በሉፑ ውስጥ ኢፍም (if፣ «ከሆነ») ሆነ ኮንቲኒው ስትጽፉ እያንዳንዱን መንገድ በጣታችሁ ተከተሉና ቫሪያብሉ የት እንደሚቀየር አሳዩ፤ የማይቀየርበት አንድ መንገድ ካለ ሥራው አላለቀም።

ይህ የጀማሪ ብቻ ስህተት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ባለ 30 ጊጋባይት የማይክሮሶፍት ዙን ሙዚቃ ማጫወቻዎች በአንድ ቀን ደርቀው ቀሩ። ቀኑን የሚያሰላው ሉፕ የቀኑ ቁጥር ከ365 እስከበለጠ ድረስ የዓመቱን ቀናት እየቀነሰ ይዞራል፤ ዓመቱ ባለ 366 ቀን ከሆነ ግን የሚቀንሰው ቁጥሩ ከ366 ሲበልጥ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ቁጥሩ ልክ 366 ሆነ፤ ከ365 ስለሚበልጥ ሉፑ አይቆምም፣ ከ366 ስለማይበልጥም ምንም አይቀነስም። ባትሪው አልቆ በማግስቱ እስኪነሡ ድረስ መሣሪያዎቹ አልሠሩም።

ቀጣዩ የወሰን ስህተት ነው። ኪሎን ወደ ፈረሱላ ለመቀየር 17 እየቀነስን ስንቆጥር ሁኔታው «ከ17 የሚበልጥ ወይም እኩል የሆነ» መሆን አለበት። «ከ17 የሚበልጥ» ብቻ ከተባለ 85 ኪሎ 4 ፈረሱላ ከ17 ኪሎ ሆኖ ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን 5 ፈረሱላ ነው። የዓመቱን ቀን በወርና በቀን ለማስቀመጥ 30 እየቀነስን ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ «ከ30 የሚበልጥ» ካልተባለና እኩልነት ከተጨመረበት መስከረም 30 «ጥቅምት 0» ይሆናል። ስለዚህ የእኩል ምልክቱን በልማድ አትጻፉት፤ ፕሮግራሙን በራሱ በወሰኑ ቁጥር፣ ከዚያ በአንድ በሚያንሰውና በአንድ በሚበልጠው ፈትኑት።

በፓይተን ኢንፑት (input፣ ተጠቃሚው የሚጽፈውን የሚቀበለው ትእዛዝ) የሚመልሰው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። ሚዛን እየተቀበለ 0 ሲገባ እንዲቆም የታሰበ ሉፕ፣ ጽሑፉ ወደ ቁጥር የተቀየረው መደመሪያው መስመር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ስንት ጊዜ 0 ቢጽፍ አይቆምም፤ ጽሑፍ የሆነው «0» ከቁጥሩ 0 ጋር እኩል አይደለምና። እንደተቀበላችሁት ቀይሩት።

መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ለመጠየቅ ሁለት «እኩል አይደለም» ምልክቶችን በኦር (or፣ «ወይም») ማያያዝ ሉፑን ማብቂያ ያሳጣዋል። የትኛውም መልስ ከሁለቱ ቢያንስ ከአንዱ ይለያልና ሁኔታው ሁልጊዜ እውነት ነው። የሚያስፈልገው በኦር ፋንታ «እና» የሚለው አንድ (and) ነው።

የነጥብ ቁጥሮችን በእኩልነት አታነጻጽሩ። ከ0 ተነሥቶ 0.1 አሥር ጊዜ ሲደመር ፓይተን የሚሰጠው 0.9999999999999999 ስለሆነ «1 እስኪሆን» የሚጠብቅ ሉፕ ሳይቆም ያልፈዋል። «ከ1 እስካነሰ ድረስ» ማለትም ቢሆን አንድ ትርፍ ዙር ይጨምራል። ኪሎውን በግራም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ይሻላል።

ሲ (C) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከዋይሉ ቅንፍ ቀጥሎ ሴሚኮለን (;) ማስቀመጥ ሉፑን ባዶ ያደርገዋል። የዙሩ ብዛት አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ፎር ሉፕን (for፣ በተወሰነ ብዛት የሚደጋግመውን) ተጠቀሙ።

የማቆሚያ ቁጥሩንም ከመረጃው ጋር አትደምሩት። −1 ሲገባ የሚቆም የአማካይ ፕሮግራም ቁጥሩን ተቀብሎ ሳይፈትሽ ከደመረ፣ −1 ራሱ ድምሩን ይቀንሳል፣ ቆጣሪውንም በአንድ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ቁጥር ከሉፑ በፊት ተቀበሉ፤ በውስጡ መጀመሪያ ደምሩ፣ ቀጣዩን መቀበል የመጨረሻው መስመር ይሁን።