ሕንድን በባቡር፦ ዘጠኝ ከተሞች አስቤ በአራት የረጋሁበት ዕቅድ

መጀመሪያ ያወጣሁት ዕቅድ በ14 ቀን ዘጠኝ ከተሞችን የሚያዳርስ ነበር። በባቡር ውስጥ የማሳልፈውን ሰዓት ስደምር ግን አብዛኞቹን ከተሞች ከጣቢያቸው አልፌ እንደማላያቸው ገባኝ። አምስቱን ሰረዝኩ፤ ዴልሂ፣ አግራ፣ ቫራናሲና ኮልካታ ቀሩ። አራቱም ወደ ምሥራቅ በሚሄድ አንድ መስመር ላይ ስለሚገኙ የኋሊት መመለስ የለም። የአውሮፕላን ቲኬታችሁንም በዴልሂ ገብቶ በኮልካታ የሚወጣ አድርጉት።

ዕቅዱን በሌሊት ባቡሮቹ ዙሪያ ሥሩ። ከእያንዳንዱ የሌሊት ጉዞ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሆቴል ውስጥ እደሩ፤ ባቡር ከባቡር፣ በተለይም ባቡር ከአውሮፕላን በአንድ ቀን አታገናኙ። በታኅሣሥና በጥር ሰሜን ሕንድን ጉም ስለሚሸፍነው ባቡሮች በብዙ ሰዓት ይዘገያሉ። እኔ ቫራናሲ የደረስኩት ከተያዘልኝ ሰዓት አምስት ሰዓት አልፎ ነው፤ በዚያን ቀን ሌላ ቀጠሮ ስላልነበረኝ ብቻ ሳልጨነቅ ሻዬን እየጠጣሁ ጠበቅሁ።

ወደ ቲኬቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የአብዛኞቹ ባቡሮች ሽያጭ ከጉዞው ቀን 60 ቀን ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ተፈላጊ መስመሮችም ቶሎ ይሞላሉ። ሆኖም ባቡሩ ሞልቶም ቲኬት ይሸጣል! ገንዘብ መክፈላችሁ ቦታ አላችሁ ማለት አይደለም። ቲኬቱ ላይ «ሲኤንኤፍ» ከተጻፈ ቦታችሁ ተረጋግጧል። «አርኤሲ» ከሆነ ባቡሩ ላይ መሳፈር ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የሚሰረዝ ሰው እስኪገኝ አንዱን የጎን መኝታ ለሁለት ተቀምጣችሁበት ትጋራላችሁ። «ደብሊው ኤል» ተራ መጠበቂያ ነው። የመጀመሪያውን የአግራ ጉዞዬን ቁጥር 12 ተራ ላይ ሆኜ ገዝቼ፣ አልቋል ብዬ ተኝቼ አደርኩ። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሲዘጋ ተራዬ አልደረሰም፤ በኢንተርኔት የተገዛ ስለነበር ቲኬቱ በራሱ ተሰርዞ ገንዘቡ ተመለሰልኝ፤ እኔም ሻንጣዬን እንደያዝኩ ጣቢያ ላይ ቀረሁ።

ያዳነኝ ለውጭ አገር ተጓዦች የሚያዘው ኮታ ነው። ኒው ዴልሂ ጣቢያ ሕንጻ ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ የራሱ ቢሮ አለው። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ በቀጥታ ውጡ። በር ላይ «ቢሮው ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል» እያለ ሊወስዳችሁ የሚሞክር ሰው ካጋጠማችሁ አትከተሉት። እኔ ለማግሥቱ ቦታ አገኘሁ። የአግራውን ቀን ስትመርጡም ዓርብን ዝለሉ፤ ታጅ ማሃል በዕለቱ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ለሌሊት ጉዞ ሦስተኛ ደረጃ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ፉርጎ ለእኔ በቂ ነው፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ይሰጣል። በአንዱ ወገን ሦስት መኝታዎች ተደራርበዋል። የታችኛው መስኮት አለው፤ ቀን ግን ለሁሉም መቀመጫ ነው። መካከለኛው የሚዘረጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ነው። የላይኛውን እመርጣለሁ፤ በፈለግሁት ሰዓት እተኛበታለሁ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን መወጣጫው ቀላል አይደለም፤ የታችኛውን ጠይቁ።

ሁለት ነገሮችን በእርሳስ አስምሩባቸው። አንደኛው የጣቢያው ሙሉ ስም ነው፤ ኒው ዴልሂ፣ አሮጌው ዴልሂና ሐዝራት ኒዛሙዲን የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 6፡10 የሚነሣ ባቡር ቲኬቱ ላይ 00፡10 ተብሎ በአዲሱ ቀን ይጻፋል፤ ስለዚህ የ15ኛውን ቀን ባቡር ለመያዝ ጣቢያ የምትሄዱት በ14ኛው ቀን ምሽት ነው።

ባቡሩ ከ20 በላይ ፉርጎ ሊኖረው ስለሚችል ገና ሳይመጣ የፉርጎአችሁ ቁጥር የሚቆምበትን ቦታ በፕላትፎርሙ ሰሌዳ ላይ ፈልጉ። ሻንጣውን ከታችኛው መኝታ ሥር በሰንሰለት እሰሩት። በሌሊት የሚደርሱበትን ጣቢያ የሚያስታውቅ ድምፅ አትጠብቁ፤ የስልካችሁን ደወል ሙሉ፣ ካርታውንም አይታችሁ ተነሡ።

ለኮልካታ ብዙዎቹ ባቡሮች የሚያበቁት ከሁግሊ ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሃውራ ጣቢያ ላይ ነው። ታክሲ ለመያዝ አትቸኩሉ። ከጣቢያው ወጥታችሁ ወደ ወንዙ ውረዱና በሕዝብ ጀልባው ተሻገሩ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሃውራ ድልድይ ከውኃው ላይ ሆኖ ሲታይ ሙሉ ቁመናው ይገለጣል።