ጓዳዎን ሲሞሉ እሳቱንም ያስቡ፦ ከባሕር ዳር ወጥተው ባዕድ አገር ለሚከትሙ

ባሕር ዳር ውስጥ ክረምት ሳይገባ ጓዳውን ለመሙላት የማይጣደፍ ቤት እምብዛም የለም። ሽምብጥ ሰፈር ባለው የእናቴ ግቢ በርበሬውም የሽሮው እህልም በሚያዝያ ፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተቀምሞና ተፈጭቶ መግባት አለበት፤ ሐምሌና ነሐሴ ከደረሱ ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥና የሐይቁ እርጥበት ስለሚጨመርበት ስጥ አይደርቅም፣ በደንብ ሳይደርቅ የተፈጨ ዱቄትም ለመሻገት ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ለክፉ ቀን ስንቅ መያዝን ለእኛ ሰው እንደ አዲስ ትምህርት ማስተማር አያስፈልግም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ በዚሁ ግቢ የእህቶቼ ልጆች ለጉዞ ሻንጣ ሲያዘጋጁ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ከአገር ሲወጡ የሚለወጠው ከስንቁ ይልቅ እሳቱ ነው፤ ይህን ሳያስቡ የሞሉት ጓዳ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ከሆነ ጓዳ አይሻልም።

ይህን የተማርኩት እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012፣ በእኛ ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ዓርብ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ደርሶ ዋለ፤ ማታ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ዛፉንም የመብራት ምሰሶውንም ጣለው። በብዙ ሰፈሮች መብራት የተመለሰው ከቀናት በኋላ ነበር፤ እኔ የተከራየሁበት ሕንፃ አምስት ቀን በጨለማ ቆየ። አገሩን ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ በጓዳዬ ግን ኩራት ይሰማኝ ነበር። ስምንት ኪሎ ሽሮ፣ አምስት ኪሎ ምስር፣ አንድ ከረጢት የጤፍ ዱቄትና ሁለት ጀሪካን ዘይት ነበረኝ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ አርባ እንጀራና የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ሲፈታ ልበላው ያስቀመጥኩት ሥጋ ተደርድሯል። ምድጃውም ምጣዱም ግን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን እንጀራው እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊጥ መሰለ፣ በሦስተኛው ቀን ሥጋውን ሳልቀምሰው በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ወደ ቆሻሻ አወረድኩት። አምስቱን ቀን ያቆየችኝ አክስቴ ሻንጣዬ ውስጥ በግድ የወሸቀቻትና እኔ ያፈርኩባት አንዲት ከረጢት በሶ ናት።

ስለዚህ ከስንቅዎ ቢያንስ የሦስት ቀን ያህሉ እሳት የማይፈልግ ይሁን። ለዚህ የእኛ አገር የመንገደኛ ምግብ የሚወዳደረው የለም። በሶ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ በውኃ በጥብጠው ሊጠጡት ወይም ጨው ነስንሰው፣ ጠብ ጠብ አድርገው ውኃ ጨምረው ጭብጦ አድርገው ሊበሉት ይችላሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ መግለጫ አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ጨው የበዛበት ቆሎ የሚያስጠማ መሆኑን፣ ውኃም በዚያ ቀን የሚቆጠር ነገር መሆኑን ያስታውሱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ድርቆሽን ነው። ድርቆሽ ሲባል በቁሌት የሚፈረፈረው ብቻ ትዝ ስለሚለን ያለ እሳት የማይበላ ይመስለናል፤ የተቆላ ተልባ ወይም ሱፍ በውኃ በጥብጠው፣ ጨውና ቃሪያ ጨምረው ድርቆሹን ቢፈተፍቱበት ግን ምድጃ ሳይነኩ ሙሉ ምሳ ይሆናል። የተልባ ዱቄት ቅባት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፍሬውን ቆልተው ያስቀምጡና ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይውቀጡት። ከውጭው ገበያ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ሽምብራና ባቄላ ይጨምሩ፤ በስሎ የታሸገ ስለሆነ ባቄላውን በሹካ ደፍጥጠው፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ጣል ሲያደርጉበት እንደ ፉል ይበላል። የታሸገ ዓሣም ይጠቅማል፤ በጣና ቀረሶ ላደገ ምላስ ሰርዲን ሐዘን ቢሆንም። በእጅ የሚሠራ የቆርቆሮ መክፈቻ ከሌለዎት ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዛሬውኑ ይግዙ።

ምን ያህል መያዝ እንዳለብዎ የሄዱበት አገር መንግሥት ራሱ ይነግርዎታል። በአሜሪካ የሚመከረው ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ነው፤ ይህም ወደ አራት ሊትር ስለሚጠጋ አራት ነፍስ ላለው ቤት ለሦስት ቀን 48 ሊትር ይሆናል። ካናዳ ለ72 ሰዓት፣ ጀርመን ለአሥር ቀን የሚበቃ እንዲያዝ ይመክራሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 ለየቤቱ ባሠራጨችውና በ2024 አሻሽላ ባወጣችው መመሪያ ዜጎቿ ለአንድ ሳምንት ራሳቸውን እንዲችሉ ጠይቃለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በማርች 2025 ለ72 ሰዓት የሚሆን ዝግጅት በየቤቱ እንዲኖር ሐሳብ አቅርቧል። ይህን ሲሰሙ ጦርነት ሊነሣ ነው ብለው አይደንግጡ። ምክሩ ለበረዶውም፣ ለጎርፉም፣ ታምሞ ከቤት ላለመውጣትም ነው፤ ሰባት ቀን ጉንፋን ሲጥልዎ የሚጠይቅዎ ጎረቤት ላያገኙ ይችላሉ።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጁ ምግቡን ለአራት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ጢም ብሎ የሞላ ዲፕ ፍሪዝ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ክፍተቱን ውኃ በሞሉ ጠርሙሶች ቢደፍኑት ቅዝቃዜው ይቆያል፤ በረዶው ሲቀልጥም የሚጠጣ ውኃ ይሆንልዎታል።

ቀጥሎ የምጽፈውን ደግመው ያንብቡት። ከሰል በቤት ውስጥ አያንድዱ። ባሕር ዳር ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲወጣለት ወደ ቤት አስገብተን ቡና እናፈላበታለን፤ በራችን ክፍት ነው፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከልም ነፋስ ይገባል። የብርድ አገር ቤት ግን ሙቀት እንዳይወጣበት ተደፍኖ የተሠራ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፤ ጭሱ ስላለቀ ጋዙ አላለቀም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲያስከትል ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል፣ ተኝቶም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሲያትል አካባቢ ዐውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው ከተመረዙት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ስደተኞች ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች በብርድ መካከል መብራት ባጡ ጊዜም በዚሁ ጋዝ የሞቱ ነበሩ። የካምፕ ጋዝ ምድጃም ከዚህ ሥጋት ነጻ ስላልሆነ ከቤት ውጭ ብቻ ይጠቀሙበት። ጋዙን የሚጠቁመው መሣሪያ ቤትዎ ውስጥ መኖሩንና መሥራቱን ቤቱን የተከራዩ ዕለት አከራይዎን ይጠይቁ። የዘጌ ቡናዎን በኤሌክትሪኩ ምድጃ ያፍሉት፤ መብራት በጠፋ ቀን ይቅርብዎ።

ከአገር ቤት ምን ይጫን ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ቋንጣና ቅቤ እናቶች ካልወሸቅን ቢሉም ይተዉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና እንግሊዝ ከኢትዮጵያ በሻንጣ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ አሜሪካም ቋንጣ አትቀበልም። በተለይ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የያዙትን ምግብ ሁሉ አስመዝግቡ ይባላሉ፤ ያስመዘገቡት ነገር ቢከለከል ይወሰድብዎታል፣ ደብቀው ቢገኝ ግን ቅጣት አለው። ዱቄቱን በደንብ አሽገው ስሙን በፊደልም በሄዱበት አገር ቋንቋም ይጻፉበት፤ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ፈታሽን ሥራ ያስፈታል።

የቀረውን እዚያው ያገኙታል፤ የሐበሻ ሱቅ ሩቅ ከሆነም የሕንዶች ሱቅ አለ። ስሙ ብቻ ነው የሚያሳስተው። እነርሱ ማሶር ዳል የሚሉት ምስር ክክ፣ ካሎንጂ የሚሉት ጥቁር አዝሙድ፣ አጅዋይን የሚሉት ነጭ አዝሙድ፣ ሜቲ የሚሉት አብሽ ነው። ለጎጃም ሰው ደስ የሚለው ራጊ የሚሉት ዱቄት ዳጉሳችን መሆኑ ነው። የፎገራ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ እኛ ዘንድ ጤፍን ከሩዝ ዱቄት ጋር ደባልቆ መጋገር የተለመደ ስለሆነ ጤፍ በተወደደ ጊዜ በዚሁ መላ መሄድ ይችላሉ። ሽሮ ሲያልቅብዎ በሰን የሚባለውን የሽምብራ ዱቄት ይግዙ፤ ነገር ግን ጥሬ ስለሆነ እንደ ሽሮ በቀጥታ ቢሠሩት ጥሬ ጥሬ ይላል። በደረቅ መጥበሻ፣ በዝግታ እሳት፣ እጅዎ ሳያርፍ እያማሰሉ ይቁሉት፤ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ሲያደላና የቆሎ ሽታ ሲሸትዎ አውርደው በርበሬና መከለሻ ይቀላቅሉበት። የእናትዎን አይተካም፤ የካቲት ላይ በረዶ ከደጅ ሲከመር ግን አይከፋም።

አቀማመጡን በተመለከተ ጓዳችን ከሚያስተምረን የሚለየው ነገር ብዙ አይደለም። ጠላቶቹ ያው እርጥበት፣ ሙቀት፣ ብርሃንና ነቀዝ ናቸው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዱቄቱ ግን ከነገለባው የተፈጨ በመሆኑ ሲቆይ ይጎመዝዛልና ከወር ፍጆታዎ የተረፈውን ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ያኑሩት። በርበሬም እዚያው ቢቀመጥ ቀለሙና መዓዛው ይቆያል። ሽምብራ፣ ሩዝና ዱቄት ገዝተው ሲገቡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን ቢያሳድሯቸው የነቀዙ እንቁላል ይሞታል፤ ከዚያ እንደ ታሸጉ ሙቀቱ እስኪመለስላቸው ቆይተው ክዳኑ ወደሚገጥም ዕቃ ይገልብጡ፤ ቅዝቃዜው ሳይወጣላቸው ከተከፈቱ ላብ ይይዛቸዋል። ከምድጃው በላይ ያለው ካቢኔት እጅ የሚደርስበት ስለሆነ ብዙዎች ቅመም ይደረድሩበታል፤ በቤቱ ውስጥ ከእሱ የባሰ ሙቅና እንፋሎት የሚበዛበት ቦታ የለም። በዘይት የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ አይደር። ያበጠ ቆርቆሮም ሳይከፈት ይጣል።

ስንቁን ማን ይብላው የሚለው ጥያቄ ባዕዳንን ሲያስቸግር አይቻለሁ፤ ገዝተው ይደረድሩና ከሦስት ዓመት በኋላ ይጥሉታል። ጾመኛ ለሆነ ሰው ይህ ችግር የለም። ረቡዕና ዓርብ ከጓዳው ይበላል፤ የ55ቱ ቀን ዓቢይ ጾም ሲገባ የቆየው ሁሉ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ሲደርስ ቴምሩንና ምስሩን በዚሁ መንገድ ሊያድሱ ይችላሉ። ሕፃን ያለበት ቤት የዱቄት ወተቱንና መቀመሪያ ውኃውን ለብቻ ይቁጠር፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም።

በመጨረሻ ስለ ቀን። በአውሮፓ ዕቃ ላይ ዩዝ ባይ የሚለው ቀን ካለፈ አይብሉት፤ ቤስት ቢፎር የሚለው ግን ስለ ጣዕሙ ይናገራልና ካለፈ በኋላም ምግቡ ደህና ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙ አይዘንጉ። ከሁሉ የባሰው የራሳችን ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረ የመርዓዊ ልጅ ከአገር ቤት በመጣ ሽሮ ላይ «ግንቦት 2006» የሚል የእናቴን ጽሑፍ አይቶ፣ ጊዜው በፈረንጁ 2014 ስለነበር «የስምንት ዓመት ሽሮ ሊገድለን ነው» ብሎ አራት ኪሎውን እንዳለ ጣለው። ሽሮው ከተፈጨ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ በየከረጢቱ ላይ ሁለቱንም ዘመን ትጽፋለች፤ የእኛውን በጥቁር፣ የፈረንጁን በቀይ እስክሪብቶ።