ሠራተኛ ተጨምሮ ሥራው የማይፈጥንበት መጋዘን፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ለባሕር ዳር የጅምላ መጋዘን ሲሙሌሽን (የመጋዘኑን ሥራ በኮምፒውተር ሞዴል አስመስሎ ማስኬድ) ለሚሠራ ሰው ነው። ጠዋት የመራዊና የሐሙሲት አይሱዙ፣ የዘጌም ጀልባ ጭነት አንድ ላይ ሲወጣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ይጨናነቃል። ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ ይህን አያሳይም።

ችግር፦ ሠራተኛ ቢጨመርም የሚወጣው ካርቶን ያው ነው

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአንድ መደርደሪያ ነው። አንድ ሠራተኛ ካርቶን የሚሰበስብበትን ዙር በ120 ሰከንድ ይጨርሳል፣ ከዚህ ውስጥ 24ቱን የዘይቱ መደርደሪያ ፊት ይቆማል እንበል። ቦታው አንድ ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ከሆነ በሰዓት ከ150 ዙር በላይ አያሳልፍም። ይህ የአምስት ሰው ሥራ ነው፤ ስድስተኛው የሚጨምረው ወረፋ ብቻ ነው። ሰው እኩል ስለማይሠራ መጠባበቁ ከአምስት በታችም ይጀምራል።

መፍትሄ፦ ዘይቱን ተራርቀው ባሉ ሁለት ቦታዎች አስቀምጡ፣ ትዕዛዙንም እኩል ክፈሉ። ሌላ መደርደሪያ ቀድሞ ካልዘጋ የሚያልፈው እስከ 300 ዙር በሰዓት ይደርሳል። ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙም አይረዳም፤ ጋሪዎቹ ያው እዚያው ይከማቻሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ የዘይቱ ፍላጎት ስለሚለወጥ እንደገና ለኩ።

ችግር፦ ጋሪ ጋሪን አያልፍም

ጋሪው 70 ሳንቲሜትር፣ መተላለፊያው 1.2 ሜትር ከሆነ የኋለኛው የሚፈልገው መደርደሪያ ባዶ ሆኖ እያለ እንኳ ይቆማል። ይህን ከላይኛው ጋር አትደባልቁት፤ ዘይት መክፈል አይፈታውም። መተላለፊያውን ባለ አንድ አቅጣጫ አድርጉ። ለአንድ ሁለት ካርቶን ጋሪው ጫፉ ላይ ቆሞ ሰው ብቻ ይግባ። በሞዴሉ መተላለፊያውን አንድ ሰው ብቻ በሚይዙ ክፍሎች ከፋፍሉት፤ ቀጣዩ ካልተለቀቀ ማንም አይራመድ። ሲሙሌሽኑ ድንገት ቀጥ ካለ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ የአቅጣጫው ደንብ መኖሩን እዩ።

ችግር፦ ሞዴሉ መጠባበቅ የለም ይላል

ለሁሉም እኩል ሰከንድ ተሰጥቶ ይሆናል። ሠራተኛው ቦታው ከሚችለው በላይ ካልሆነ፣ ሁሉም ተራርቆ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ማንም ማንንም አያግድም፤ ያኔ ሰልፍ የሚፈጠረው አንዱ ለአንድ ካርቶን፣ ሌላው ለስምንት ሲቆም ነው። አማካዩን ትታችሁ በስልክ ሰዓት የለካችሁትን እያንዳንዱን ቁጥር አስገቡ። መራመድ፣ ማንሳትና ቆሞ መጠበቅ በየራሳቸው አምድ ይመዝገቡ፤ መጠበቁ ከማንሳቱ ጋር ከተቀላቀለ ሞዴሉ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል።

የሲሙሌሽኑን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከውጤቱ ማውጣት የተለመደ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ሥራ የሚጀምር ከሆነ ግን አታውጧቸው፤ ዋናው ግፊያ ያኔ ነው። ይልቅ አጀማመሩን በ10 ደቂቃ አለያይታችሁ እንደገና አሂዱት።