የካሪቢያን አሮጌ የባሕር ካርታዎች፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። የማስተርስ ጽሑፉ ስለ ጃማይካ ነው። “ጋሼ፣ ይሄ የ1775 ካርታ ነው። ቶማስ ጄፈሪስ ደሴቲቱን ዞሮ ለክቶ የሠራው” አለኝ። ደስታው ከፊቱ ይነበባል። ዝም ልል አሰብኩ፤ አልቻልኩም።

“ጄፈሪስ እኮ በ1771 ሞቷል” አልኩት።

ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደደገምኳት እግዜር ይወቀው። አንዴ ጽፌያት ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥጉ ላይ ያለውን ዓመት አምኖ መቀመጥ

አንድ የባሕር ካርታ ቢያንስ ሦስት ዕድሜ አለው። አንዱ ባሕሩና ዳርቻው የተለካበት ነው። ሁለተኛው መዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸበት። ሦስተኛው እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የታተመበት። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሃምሳ ዓመት ቢያልፍ አይግረማችሁ። መዳብ ውድ ነው። ቀረጻውም አድካሚ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሰሌዳው እስኪያልቅ ያትምበታል። ሲሞት ወራሹ ይቀጥላል፣ ወይም ለሌላ ይሸጠዋል። አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስቀርጻል። ዓመቱንም ይለውጣል። የባሕሩ ዳርቻ ግን ያው የድሮው ነው።

ጄፈሪስ ለንደን ተቀምጦ ካርታ የሚቀርጽና የሚያሳትም ሰው ነበር። በስሙ የሚጠራው የዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች) አትላስ የወጣው እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያወጡት ሴየርና ቤኔት የሚባሉ አሳታሚዎች ናቸው። የጃማይካው ካርታ ርዕስ ራሱ ከቅርብ ጊዜ ቅየሳዎች የተወሰደ፣ ተሻሽሎም የተቀረጸ መሆኑን ይናገራል። ማለትም ለኪው ሌላ ሰው ነው። ልጁ ርዕሱን አላነበበውም። በአበባና በበርሜል የተከበበ ጌጥ ነው ብሎ አለፈው። ኧረ እባካችሁ፣ ርዕስ አንብቡ!

ከዚህም የባሰ አይቻለሁ። “እንግሊሽ ፓይለት” የሚባል የመርከበኞች የካርታ መጽሐፍ ነበር። የአሜሪካንና የካሪቢያንን ባሕር የያዘው አራተኛው ክፍል በ1689 ወጥቶ እስከ 1794 ድረስ ደጋግሞ ታትሟል። ከመቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። አንድ ጥናት ሠሪ በዓመታት የሚራራቁ ሁለት ቅጂዎች ላይ አንድን ወደብ አነጻጽሮ “በዚህ ዘመን ውስጥ ዳርቻው አልተለወጠም” ብሎ ጽፎ መጣ። እንዴት ይለወጣል? ሁለቱም ከአንድ መዳብ የወጡ ናቸው! የአንድን ፎቶ ሁለት ኮፒ ጎን ለጎን አስቀምጦ “ይሄ ሰውዬ አያረጅም” እንደማለት ነው። ሁለቱን ምስሎች አጉልታችሁ እዩ። ያው ጭረት፣ ያችው የተጣመመች ፊደል ያው ቦታ ላይ ካሉ፣ ማስረጃችሁ አንድ እንጂ ሁለት አይደለም።

በዚህ ዓይን የጃማይካዋን ከተማ ፖርት ሮያልን እዩዋት። ጁን 7 ቀን 1692 የመሬት መንቀጥቀጥ መታትና ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ባሕር ገባ። የቆመችው አሸዋ ላይ ነበር። አሸዋው ውሃ ጠግቦ እንደ ፈሳሽ ሆነ፤ ቤቱን ሁሉ ዋጠው። ከዚያ በኋላ የታተመ ካርታ ላይ ከተማዋ ሙሉ ሆና ካገኛችኋት የተረፈች እንዳይመስላችሁ። ሰሌዳውን የሚያርመው ሰው ጠፍቶ ነው።

የቀን ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ያ ጁን 7 በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። በዛሬው 17 ይሆናል። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚለውጡትም በማርች 25፣ በብስራት ዕለት ነበር። ስለዚህ “ፌብሩዋሪ 1700” ያለ የእንግሊዝ ሰነድ ለእኛ 1701 ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ ዓመት ለምንለውጥ ሰዎች ይሄ ብርቅ አይደለም።

ዜሮው የት እንደሆነ አለመጠየቅ

በዚህኛው ጉድ የሆንኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ማርቲኒክ የምትባለውን የካሪቢያን ደሴት የሚያሳይ አንድ የፈረንሳይ ካርታ ኮምፒውተር ላይ ከዛሬው ካርታ ጋር እንዳገጣጥም ተሰጠኝ። ጠርዙ ላይ ያለውን ኬንትሮስ አየሁ። 63 ዲግሪ ከምናምን ይላል። እንዳለ አስገባሁት። ማርቲኒክ ወደ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባሕር መሃል ቁጭ አለች። አለቃዬ መጥታ አየችውና “ይሄ ሰውዬ የሚቆጥረው ከየት ነው?” ብላኝ ሄደች። ሌላ አልተናገረችም።

ሰውዬው የሚቆጥረው ከፓሪስ ነበር። ፓሪስ የዛሬው የኬንትሮስ ዜሮ ካለበት ከለንደኑ ግሪንዊች በስተምሥራቅ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ላይ ናት። በካሪቢያን ኬክሮስ ላይ ይሄ ልዩነት ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ ደርሶ ትንሽ ያልፋል። ግሪንዊች የጋራ ዜሮ ይሁን የተባለው በ1884 በዋሽንግተኑ ጉባኤ ነው። ፈረንሳዮች ከዚያም በኋላ እስከ 1911 ከፓሪስ መቁጠራቸውን አልተዉም። ስፔኖች ደግሞ ከካዲዝ ወይም ከቴኔሪፍ ይቆጥሩ ነበር። ከዚያ የቀደሙት ብዙዎቹ የሚቆጥሩት ከካናሪ ደሴቶች ከአንዷ፣ ከፌሮ ነው። ከፌሮ ወደ ምሥራቅ ዓለምን ዞረው የሚቆጥሩም አሉ። ማርቲኒክ 316 ዲግሪ ላይ ተጽፋ ብታዩ አትደንግጡ። አንዳንዱ ካርታ ደግሞ ላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ዜሮ፣ ታችኛው ላይ ሌላ ዜሮ ይዟል። ሁለቱንም አንብቡ።

የማን ክንድ?

ካርታው ላይ የሚጻፈው የባሕር ጥልቀትም እንደዚያው ነው። ድሮ ገበያ ጨርቅ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይሄድ ነበር አይደል? ባሕሩም ላይ ያው ነው። የመርከበኛው መለኪያ ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከጣት እስከ ጣት ያለው ርቀት ነው። የማን እጅ የሚለው ግን በየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዙ ፋዞም 1.83 ሜትር ነው። የስፔኑ ብራሳ 1.67 ገደማ። የፈረንሳዩ ብራስ 1.62። ካርታው ላይ “10” የሚል ቁጥር ቢኖር፣ ለእንግሊዙ 18 ሜትር ከፍ ይላል፣ ለፈረንሳዩ ግን 16 ነው። አንዳንድ የወደብ ካርታ ደግሞ በጫማ ይለካል። “ወደቡ በሠላሳ ዓመት ሁለት ሜትር በደለል ተሞላ” ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የለኪውን ዜግነት አጣሩ።

ነጭ ቦታ ሲያዩ ደህና ነው ማለት

አይደለም። ነጭ ቦታ ማለት ማንም አልለካውም ማለት ነው።

እነዚያ ቁጥሮች እንዴት እንደመጡ አስቡት። አንድ መርከበኛ በገመድ የታሰረ እርሳስ ይወረውራል። የእርሳሱ ታች ጎድጎድ ያለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሞራ ይቀባል። መሬት ሲነካ አሸዋው ወይም ዛጎሉ ሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ከቁጥሩ ጎን ያሉት ትንንሽ ፊደላት ይህን የሚናገሩ ናቸው። (እነሱም ቋንቋ አላቸው። እንግሊዝና ፈረንሳይ አሸዋን በኤስ ሲጽፉ ስፔን በኤ ይጽፋል።) እያንዳንዱ ቁጥር እርሳሱ ያረፈባት ነጥብ ብቻ ነው። አሥር ሜትር ፈንጠር ብሎ መርከብ የሚቀድ የኮራል ድንጋይ ቢኖር እርሳሱ አያውቀውም።

አኔጋዳ የምትባለውን የካሪቢያን ደሴት ውሰዱ። ስሟ በስፓኝኛ “የሰመጠችው” እንደማለት ነው። ከፍተኛው ቦታዋ 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመርከብ ላይ ሆኖ በጊዜ ማየት ከባድ ነው። ዙሪያዋን ያለው ሪፍ (ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል ድንጋይ) የመርከብ መቃብር ነው። በ1808 የእንግሊዝ የጦር መርከብ አስትሪያ እዚያው ቀረች። በ1831 ሮበርት ሾምቡርክ የሚባል ጀርመናዊ ሪፉን ለክቶ ካርታ ሠራ። ማንም አልቀጠረውም፤ በራሱ ወጪ ነው። ያ ሥራ ስሙን አስጠራለትና በኋላ ጉያናን እንዲያስስ ተላከ። ከእሱ በፊት በተሠሩት ካርታዎች ላይ ግን በአኔጋዳ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ “ንጹሕ ውሃ” ብላችሁ አታንብቡ።

በአሮጌ ካርታ በጀልባ ልሂድ የሚል ሰውም ገጥሞኛል። መልስ አልሰጠሁትም።

በዛሬው ስም መፈለግ

ኮሎምበስ የዛሬዋን ፖርቶ ሪኮ ደሴት ሳን ሁዋን ባውቲስታ አላት። ወደቧ ደግሞ ፖርቶ ሪኮ ተባለ፤ “ሀብታም ወደብ” ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ስማቸው ተቀያየረ። ደሴቷ ፖርቶ ሪኮ፣ ከተማዋ ሳን ሁዋን ሆነች። የ1500ዎቹን ሰነድ ሳይጠነቀቅ ያነበበ ሰው ከተማና አገር ያምታታል። ሴንት-ዶሚንግ የዛሬዋ ሃይቲ ናት፤ ሳንቶ ዶሚንጎ ከጎኗ የነበረው የስፔን ክፍል። ግን ሙሉ ደሴቲቱን ከሁለቱ በአንዱ ስም የሚጠራ ካርታ ሞልቷል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው “ሮያል” ነው። የማርቲኒኳ ፎር-ደ-ፍራንስ ድሮ ፎር ሮያል ነበረች። የግሬናዳዋ ሴንት ጆርጅስም በፈረንሳዮች ጊዜ ፎር ሮያል ተብላለች። ፖርት ሮያል ደግሞ የጃማይካ ናት። አንድ ወዳጄ የግሬናዳውን ፕላን ገዝቶ “የባሕር ወንበዴዎቹ ከተማ፣ ፖርት ሮያል” ብሎ ሳሎን ሰቅሎታል። ቡና ጠጥቼበት ወጣሁ እንጂ ምንም አላልኩም። የጃማይካዋ ከሆነች ቀጭን፣ ረጅም የአሸዋ ምላስ ጫፍ ላይ መቀመጥ አለባት። ስሙን ሳይሆን ቅርጹን ጠይቁ።

ሥዕሉን እንደ ጌጥ ማለፍ

ሪቻርድ ሊገን በ1657 ያወጣው የባርቤዶስ ካርታ ላይ ግመሎች አሉ። ሁሉም ሰው በግመሎቹ ይስቃል። ግመሎቹ ግን እውነት ናቸው። የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶቹ ስኳር ለማጓጓዝ አስመጥተዋቸው፣ አያያዙን የሚያውቅ ጠፍቶ አብዛኞቹ ሳይበረክቱ ቀሩ። አንድ አፋር ቢያማክሩ ኖሮ! ከግመሎቹ ዓይናችሁን አንሡና ግን ፈረሰኛውን ፈልጉት። ከባርነት የሚሸሹ ሰዎች ላይ እየተኮሰ ነው። በዳርቻው የተደረደሩት ስሞች የእርሻ ባለቤቶቹ ናቸው። የሚሮጡት ስም የላቸውም። ካታሎግ ላይ “ልዩ ልዩ እንስሳት የተሳሉበት” ብሎ የመዘገበ ሰው አይቻለሁ። በዚያ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ አልጸጸትም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል

ርቀት በማስመሪያ አትለኩ። የመዳብ ኅትመት በረጠበ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በቁመትና በወርድ የሚሰበሰበውም እኩል አይደለም። ካርታው ላይ ያለው የርቀት መስመር አብሮ ስለተሰበሰበ በእሱ ለኩ።

ሰሜን ሁልጊዜ ላይ አይደለም። የወደብ ካርታ ብዙ ጊዜ የሚሳለው መርከቡ በሚገባበት አቅጣጫ ነው።

አረንጓዴ ቀለም ከመዳብ የተሠራ ከሆነ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከጀርባው ቡናማ ሆኖ ካያችሁት አታጥፉት፣ ይሰበራል።

ቴፕ አትለጥፉ። ለጥፋችሁ ከሆነም እኔ ጋ አታምጡት፤ ወረቀት ጠጋኝ ፈልጉ።