ዕቃው ቀድሞ ተናግሮ ነበር፦ በየቤታችን የሚደጋገሙ አደገኛ ስህተቶች

ቤት ውስጥ አደጋ ሲደርስ «ድንገት ነው» ይባላል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እዚህ ደሴ የጎረቤቱን ምጣድ፣ ካውያ፣ ሬድዮና ማቀዝቀዣ እየፈታሁ ስገጥም፣ በእውነት ድንገት የሆነ ነገር ያየሁት ጥቂት ነው። የተቃጠለ ሶኬት ከመቃጠሉ በፊት ሲሞቅ ከርሟል፤ ሸቷል፤ ቀለሙ ተለውጧል። ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከመጉዳቱ በፊት ይናገራል። ጥገና የምወደው ሥራ ስለሆነ ዋጋ አልጠይቅበትም፤ ሰዎችም ዕቃውን ሲያመጡ ቡና እየተጠጣ የደረሰባቸውን ሁሉ ያጫውቱኛል። ከዚያ ሁሉ ወግ ሲደጋገሙ የሰማኋቸውን ስህተቶች ነው ቀጥሎ የምዘረዝረው።

የሞቀ ስፒናን እንደ ጤነኛ መቁጠር

አንዲት አዲስ ሙሽራ «አባባ፣ ምጣዱ ኃይል አነሰው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብላ ጠራችኝ። ምጣዱን ሳልነካ «ልጄ፣ ስፒናውን ነክተሽው ታውቂያለሽ?» ስላት «እሱማ ሁልጊዜ ይሞቃል» አለችኝ። ያ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ነው የሚያስፈራኝ። ሶኬቱን ፈትቼ ሳየው የአንደኛው ሽቦ ልባስ ከስሎ ነበር።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ተራ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። እዚያ ላይ የሶኬቱ ብሎን ትንሽ ከላላ፣ በመገናኛው ላይ ግማሽ ኦም የምታህል እንቅፋት ብቻ ብትፈጠር፣ ወደ 120 ዋት የሚጠጋ ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይወለዳል። መቶ ዋት የነበረውን የድሮ አምፖል ሶኬቱ ውስጥ ከትቶ እንደማብራት ነው። ምጣዱ «ኃይል ያነሰው» ድርሻው መንገድ ላይ እየቀረ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ምጣድ በብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ አይሰካም፤ በየሱቁ የሚሸጠው ማከፋፈያ ብዙው ለ10 አምፔር የተሠራ ነው። ምጣድ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ብሬከር ለብቻው የሚወጣ መስመር ያስፈልገዋል፤ ሽቦውም ቢያንስ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን እመርጣለሁ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ስፒናውን ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ለብ ካለ ምንም አይደለም። ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከመጋገራችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ ብሬከር መተካትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው፤ ብሬከሩ የሚወድቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ለማዳን ነው፣ ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ማሳደግ ጠባቂውን ማባረር ማለት ነው።

የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ እያሳጠሩ መቀጠል

ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ የተዘረጋው ሽቦ ሲበጠስ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ መጠምዘዝ የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ ሲደረግ ያሠራል። ነገር ግን ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 3,900 ይጠጋል። ባለቤቶቹም «አሁንማ ቶሎ ይግላል» ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ጭማሪውን የሚሸከመው ያው የደከመ ሶኬት ነው። ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ዋጋው ከአዲስ ሶኬትና ከተቃጠለ ግድግዳ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ምጣዱ ሲነዝር ላስቲክ ጫማ አጥልቆ መጋገር

ይህን በጣም ብዙ ቤት ሰምቻለሁ። አሰሱ ሲቀባ ወይም ሊጡ ሲፈስ እጅን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ደግሞ ላስቲክ ጫማ ማድረግ ነው። ጫማው ንዝረቱን ይደብቃል፣ አያስወግደውም። ሸክላው ተሰንጥቆ እርጥበት ሽቦው ጋ ደርሷል ማለት ነው። እናት ላስቲክ ጫማ አድርጋ ስትጋግር ባዶ እግሩን ሮጦ የመጣ ሕፃን የምጣዱን ብረት ቢነካ ምን እንደሚሆን አስቡ። የተሰነጠቀው ሸክላ መቀየር አለበት፤ የምጣዱ ብረትም ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት ከሚወስደው የመሬት መስመር ጋር በአግባቡ መያያዝ አለበት። ስፒናው ላይ ለመሬት መስመር የተዘጋጀው ቦታ ባዶውን ከሆነ ያ መስመር የለም ማለት ነው፤ ፈትታችሁ አስፈትሹ።

መብራት ሲሄድ ሳይነቅሉ መውጣት

መብራት በመጋገር ላይ እንዳለ ይሄዳል። «ሲመጣ እቀጥላለሁ» ተብሎ ይተዋል። ከዚያ የለቅሶ ጥሪ ይመጣል ወይም ገበያ ይደርሳል። ወጥ ቤት የገባ ሌላ ሰው ምጣዱ ቀዝቃዛ መሆኑን አይቶ የፕላስቲክ ሳህን፣ የታጠፈ ጨርቅ፣ አንዳንዴም መሶብ ያስቀምጥበታል። ከዚያ መብራት ይመጣል።

እዚህ ላይ ዕቃውን መውቀስ አይቻልም፤ የቀዘቀዘ ምጣድ በርቶ እንደሆነ የሚያሳይበት ነገር የለውም። ስለዚህ ልማዱ በእጅ ውስጥ መግባት አለበት፦ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ሻማ መፈለግ ሳይሆን የምጣዱንና የካውያውን ስፒና መንቀል ነው። ልጆችም ይህን ይልመዱ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ማቀዝቀዣ በብዙ ቤት አለ፤ እሱም ይነቀል፣ መብራት ከመጣ በኋላም አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ሞተሩም ግፊቱ ሳይረግብ ለመነሣት ስለሚታገል፣ ወደ እኔ ከሚመጡት ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ የተበላሹት በዚያች ቅጽበት ነው።

በተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት

የረመዳን ምሽት ነው። ማፍጠሪያው ተቃርቧል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ሾርባው ይታያል፣ ልጁ ያለቅሳል። ዘይቱ መጀመሪያ ስስ ጭስ ያወጣል፤ ቀጥሎ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ይመጣል፤ ያኔ ማንም ዞር ብሎ ካላየው ይቀጣጠላል። እሳት ሲታይ እጅ ወደ ውኃ መሮጡ የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ውኃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፣ አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 ሊትር ይሰፋል፣ ያ ሁሉ የሚነድደውን ዘይት ተሸክሞ ይነሣል። ፊትና እጅ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

መጥበሻው አይነሣ፣ ወደ ደጅም አይሮጥበት። እሳቱን ከሥር ማጥፋት፣ ክዳን ከጎን አንሸራትቶ መክደን፣ እስኪቀዘቅዝም አለመክፈት ብቻ ነው። ለመጥበሻው ልክ የሆነ ክዳን ሳምቡሳው ከመጀመሩ በፊት እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ክዳን ከሌለ የብረት አክንባሎም ያገለግላል።

ባለ ፊሽካው ድስት ዝም ሲል «በቃው» ማለት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። ባቄላና ሽምብራ እዚህ እንቢ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ባለ ፊሽካው ድስት የሚወደደውም ለዚሁ ነው፣ ግፊቱ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው።

እሳቱ ከሥር እየነደደ ፊሽካው ዝም ካለ ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም። የጥራጥሬ ገለባና አረፋ ቀዳዳውን ደፍኖት ይሆናል፤ ግፊቱ ከውስጥ እየጨመረ ነው። እሳቱን አጥፍታችሁ ራቅ በሉ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ክዳኑን ለመክፈት መታገል ትልቁ ጥፋት ነው። ጥራጥሬ ሲቀቀል ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ቀዳዳውንም በየጊዜው ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብርሃኑ የሚያልፍ መሆኑን ተመልከቱ።

ቤንዚን ከሰው ጋር ማሳደር

ባጃጅ ያላቸው ወጣቶች ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ገዝተው አልጋ ሥር ያስገባሉ። ቤንዚን ከነጭ ጋዝ የተለየ ነው። ነጭ ጋዝ በተራ ሙቀት ለክብሪት እንኳ ቶሎ አይሸነፍም፤ ቤንዚን ግን በብርድም ጭምር ይተናል፣ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጀሪካኑ ጓዳ፣ ምድጃው ሳሎን ቢሆን ትነቱ በበሩ ሥር አልፎ ይደርሳል። ልጆቼ፣ እለምናችኋለሁ፣ ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ ቤንዚኑን በነጭ ጋዝ ምድጃ ውስጥ መጨመርም አይሞከርም።

በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል

በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አንዱን ተጠቅሞ በብዙ ውኃ ሳያጥቡ ሌላውን አለመንካት ነው። በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው።

የቀላ ከሰል አይጎዳም ብሎ ማመን

እስካሁን የተናገርኳቸው አብዛኞቹ አስቀድመው ምልክት ይሰጣሉ። የከሰል ጋዝ ግን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ክረምት ሲገባና ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍን፣ በረካው ተጠጥቶ የተረፈው ፍም ወደ መኝታ ቤት ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል» ይባላል። ጭሱ ያልቃል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከቀላው ከሰል መውጣቱን ይቀጥላል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን እንኳ አይሰማውም።

አንዲት የማከብራቸው እናት «ጋሼ፣ እኛስ ከከሰል ጋር አይደለም ወይ ያደግነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጥያቄውም መልስ ይገባዋል። «እትዬ፣ ከሰሉ ያው ነው፣ ቤቱ ግን ተለውጧል» አልኳቸው። ያደግንባቸው የጭቃ ቤቶች በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ነበራቸው፣ የእንጨት በራቸውም አይገጥምም ነበር፤ ብርዱ ሲገባ ጋዙ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው በኮርኒስ የታሸገ፣ በሩ ብረት ነው፤ ከበሩ ሥር ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ እንወትፋለን። በድሮው ልምድ በአዲሱ ቤት መተኛት አይቻልም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአራስ ቤት ነው። እናትና ሕፃን ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱ ይሸፈናል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከሰል ይገባል፣ ዕጣንም ይጨስበታል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይጎዳል። ይህን የሚያደርጉት አያቶች በፍቅር ነው፤ ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በሌላ መንገድ መተካት ያስፈልጋል። ክፍሉን በሩ ተከፍቶ አሙቁት፣ ከዚያ ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ደጅ አውጡ፣ አየሩ ከተቀየረ በኋላ በሩን ዝጉ። ለአራሷ እግር ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይቻላል። «መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚለውን አልቀበልም፤ እንቅልፍና ፍም በአንድ ክፍል አይደሩ።

በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ራሱን ስቶ ያገኛችሁትን ሰው ወተትም ውኃም አታጠጡት፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። «ተሽሎኛል» ቢልም ሐኪም ይየው፤ በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በኦክስጅን ጭምብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከሰል እንደነበረ ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ብቻውን ሲታይ የምግብ መመረዝ ይመስላል።