ልጅ ራሱን ችሎ እንዲበላና እንዲለብስ ስናለማምድ የምንሠራቸው ስህተቶች

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሥራ መብላትን፣ መልበስን፣ መታጠብንና መጻፍን የመሰሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን ልጁ በአቅሙ ልክ ራሱ እንዲያከናውን ማገዝ ነው። ሙያው በአገራችን ገና ለጋ በመሆኑ ብዙ ወላጆች ወደ እኔ የሚመጡት መታሸት ወይም መድኃኒት ፈልገው ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ሌላ ነው።

እርሱም ሁሉን ነገር ለልጁ መሥራት ነው። የስድስት ዓመቱን ልጅ አያቱ ታጎርሰዋለች፣ እህቱ ሱሪውን ትስብለታለች፣ እናቱ ጫማውን ታስርለታለች፤ ከዚያም ሦስቱም ተያይዘው መጥተው «እጁ አልጠነክር አለ» ይሉኛል። ምን ሠርቶበት ይጠንክር? ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አላጣሁትም፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ነገር ግን በየማዕዱ የሚጎርሰው ልጅ ጣቶቹን የሚያሠራበት ዕድል በቀን ሦስት ጊዜ እየተነጠቀ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት ሰዓት እንደሚያስቸኩል ስለማውቅ፣ ልምምዱን ማታ ልብስ ሲያወልቅ ጀምሩ እላለሁ፤ ማውለቅ ከመልበስ ይቀላልና።

ሌላው ስህተት ልጁን ከሥራው መጀመሪያ ማስጀመር ነው። ካልሲውን እስከ ተረከዙ አልብሳችሁት የቀረውን ራሱ ይሳብ፤ ይህን ሲለምድ ከተረከዙ በታች፣ በኋላም ከጣቶቹ ይጀምር። ፍጻሜው የእርሱ ስለሆነ «ለበስኩ» የሚለው እርሱ ነው። አንደኛው ክንዱ የደከመ ከሆነ ሲለብስ የደከመው ክንድ ይቅደም፣ ሲያወልቅ ደግሞ ይዘግይ።

እኔም ከስህተት የጸዳሁ አይደለሁም። ሴሬብራል ፓልሲ (በለጋ ዕድሜ በአንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን አንድ ልጅ ማንኪያ እንዲይዝ ሁለት ወር አለማመድኩትና ቻለ። እናቱ አመስግናኝ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «እኛ ቤት ግን ማንኪያ የሚወጣው ለአጥሚት ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ የሚበላውን እንጀራ ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። በአንድ እጅ እንጀራ ቆርሶ ወጥ ለመጠቅለል አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ተስማምተው መሥራት አለባቸው፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከቀጭን ወጥ ይልቅ ወፈር ያለ ሽሮ ይሻላል፣ ሳህኑም እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለት።

እግሩ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ ልጅ እጁን በወጉ ማዘዝ ያቅተዋል፤ በርጩማ ወይም ሣጥን ከእግሩ ሥር አድርጉለት። አንገቱን ወደ ኋላ አጋድሞ መመገብ ግን ትን ስለሚያስብል ፈጽሞ አይደረግ።

ግራኝ ልጅ በግራው ይጻፍ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልገባም። ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ እየዘረጋ ሌላውን ጨብጦ የሚተው ሕፃን ግን «ግራኝ ሊሆን ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።