መልኩ የተለየ ሳንቲም፦ የፋብሪካ ስህተት ነው ወይስ የመዶሻ ሥራ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ። ማታ ገቢውን ሲቆጥር መልኩ ያላማረውን ሳንቲም ለይቶ ያመጣልኛል። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ታወጣ ይሆን?» ይለኛል። ሳንቲም መሰብሰብ እንደምወድ ያውቃላ! እስካሁን ካመጣው ሁሉ እውነተኛ የፋብሪካ ስህተት የሆነው አንድ ብቻ ነው። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ከዝርግ ብረት ላይ ክብ ጥፍጥፍ ይቆረጣል። ጠርዙ በማሽን ተጨምቆ ከፍ ይላል። ከዚያ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ይገባና ሁለቱም ፊቱ አንድ ላይ ይታተማል። ሲመታ ብረቱ ወደ ውጭ እንዳይፈስ ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት አለ። እኔ ሳንቲም ሳገላብጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ጉድለት ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ ሊፈጠር ይችላል? መልስ ካጣሁ፣ ጉድለቱ የመጣው ሳንቲሙ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው።

ጠርዙ የተገመጠ ከሆነ

ይህ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጥፍጥፉ ሲቆረጥ መቁረጫው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ካረፈ፣ ጨረቃ መሳይ ጉድለት ይዞ ይወጣል። ማረጋገጫው ግን ከተገመጠው ቦታ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ነው። ጠርዙ በማሽን ሲጨመቅ የጎደለው በኩል ስለማይገፋ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝም ሳስቶ ይቀራል። ፊት ለፊቱ ወፍራምና ጤናማ ሆኖ ካገኛችሁት ሞረድ ወይም መቀስ ነው የበላው። የሞረድ ጭረት በአጉሊ መነጽር ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። የጃንሆይ ምስል ያለበት፣ 1936 የሚለው የመዳብ ስሙኒ ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው አለ። ሰው በሞረድ የበላው ይመስላል። አይደለም፤ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ፣ በኋላ ሆን ተብሎ ነው ጥርስ የወጣለት። ስህተትም ጉዳትም አይደለም።

ጽሑፉ ድርብ ከሆነ

ማተሚያው ራሱ ሲሠራ ድርብ ተቀርጾ ከሆነ፣ ሁለቱም ፊደል ሙሉ ቁመትና ክብ ትከሻ አለው። በዚያ ማተሚያ የታተመው ሳንቲም ሁሉም ላይ ይኖራል። ማተሚያው በምቱ ጊዜ ላልቶ ተንሸራትቶ ከሆነ ግን ሁለተኛው መስመር ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ከፊደሉ ተቆርሶ የተነጠፈ ደረጃ ይመስላል። የኋለኛው በጣም የተለመደ ስለሆነ ገንዘብ አይጠበቅበትም።

አንበሳው ከሌላው ጋር አልመሳሰል ካላችሁም አትቸኩሉ። የ1969ኙ ሳንቲሞች ከአንድ በላይ ማተሚያ ቤት ነው የወጡት። ስለዚህ የአንበሳው ራስ መጠንና የአገጩ ጢም ይለያያል። በምኒልክ ብር ላይም አንበሳው ግራ እግሩን ያነሳበትም፣ ቀኝ እግሩን ያነሳበትም አለ። ሰብሳቢዎች ይህን «የዓይነት ልዩነት» ይሉታል እንጂ ስህተት አይሉትም።

ፊደሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተገልብጦ ከተነበበ

ሁለት ሳንቲም ደራርቦ በመዶሻ መምታት ይህን ያመጣል። ልጆች ሆነን ያልሞከርነው አለ? የእውነተኛው የፋብሪካ ስህተት ምልክት ሙሉው ምስል እንደ መስታወት ተገልብጦ፣ ጥርት ብሎ መታየቱ ነው። የመዶሻው ግን የራሱን የሳንቲሙን ምስል ጨፍልቆ፣ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ፊደል ይተዋል።

ሁለቱም ፊት ጎፈር ከሆነ፣ የውስጥ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ዙሩት። ስንጥቅ ከያዛችሁ ሁለት ሳንቲም ተፍቆ የተጋጠመ ነው። ዘውድ ጎፈር ሲጣል ለማጭበርበር የሚሠራ ብልሃት ነው።

የአንድ ብሩ መሐል ከወለቀ

ጎረቤቴ በብዛት የሚያመጣው ይህን ነው። በ2002 የወጣው ብር ከሁለት ብረት የተሠራ ስለሆነ፣ ሰው በመዶሻ ሲመታው መሐሉ ይወጣል። ፋብሪካ ውስጥ መሐሉ ሳይገባ የታተመ ቢሆን፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት በምቱ ወደ ውስጥ ይፈስ ነበር። ቀዳዳው ንጹሕ ክብ ከሆነና ውስጡ ጭረት ካለው፣ በኋላ የተወጋ ነው።

ቀለሙ ከተለወጠ

እሳት፣ አሲድ፣ ወይም ቅብ። አብዛኛው ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ማግኔት አስጠጉ። የ1969ኙን አሥር ሳንቲም ማግኔት አይስበውም፤ የ1996ቱን ይስበዋል፣ ውስጡ ስቲል ነውና። ሁለቱን ያላወቀ ሰው ማግኔቱ ሲለይበት «ስህተት አገኘሁ» ይላል።

ጠገራ ብር ላይ

በየገጠሩ ከእናቶች አንገት የወረደ ጠገራ ይመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ስለሚል «የዚያ ዘመን ነው» ይባላል። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው አትመውታል፤ ቀኑ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግራችሁም። ጠርዙ ላይ ያለው እብጠት የፋብሪካ ሳይሆን የአንጥረኛ ብየዳ ነው፤ ማንጠልጠያ ነበረበት። የወርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ደህናው 28 ግራም ግድም ይመዝናል፣ ጠርዙ ዙሪያም የላቲን ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ከሌለና ክብደቱም ከጎደለ፣ ቀልጦ በአሸዋ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

አንድ ልመና አለኝ። ከመመርመሩ በፊት በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። ሳንቲሙ ያብለጨልጫል እንጂ ማስረጃው አብሮ ይታጠባል። ከተመሳሳይ ዓመት ሌላ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡና በጎን ብርሃን እዩት።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ብር ልመለስ። ከአንበሳው ጎፈር እስከ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነበረው። ጭረት መስሎት ሊጥለው ነበር። ጥፍሬን ሳሳልፍበት መስመሩ ከፍ ብሎ ያዘኝ። ጭረት ይጎደጉዳል እንጂ ከፍ አይልም። ማተሚያው ተሰንጥቆ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ነው። «እና ስንት ያወጣል?» አለኝ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙ ስለሚገኝ፣ «አንድ ብር» አልኩት። ከኪሱ ጨመረው፣ በማግስቱም ለተሳፋሪ መልስ ሰጠበት።